ሃያ ደቂቃ የቀደመ ሰዓት

የእጄ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀድማል። የሚያውቁኝ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሲስተር ሰብለ፣ ቀጠሮው በአንቺ ሰዓት ነው በእኛ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ካዛንቺስ ያለው ሰዓት ሠሪያችንም ባትሪ በቀየረልኝ ቁጥር «ላስተካክለው?» ይለኛል፤ እኔም ሁልጊዜ እጁን እይዘዋለሁ። ምክንያቱን ግን ለማንም ቁጭ ብዬ አውርቼ አላውቅም። ዛሬ ላውራላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከካዛንቺስ ዋና አስፋልት ገባ ብላ የምትገኝ ባለ ዐሥራ ሁለት ክፍል ፔንሲዮን ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ሞባይል የያዘ ሰው እንደ ሚኒስትር በሚታይበት ዘመን ነው። ሥራዬ ቁልፍ መስጠት፣ ስልክ ማንሳት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለየክፍሉ ሻማ ማደል ነበር። እሑድ እሑድ ቂርቆስ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ወሬ እወድ ነበር፣ ማለቴ፣ አሁንም እወዳለሁ። አንድ ነገር ማውራት ከጀመርኩ ቅቤ ሳልቀባው አልተውም። ጉዱን ሁሉ ያመጣችብኝ ይህቺው ምላሴ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ስኳር ነበረበት። በየጠዋቱ መርፌውን ይወጋል፤ ከወጋ በኋላ ደግሞ ቁርሱ አንድ ሩብ ሰዓት ከዘገየ እማዬ ቤቱን ትንጠው ነበር። አንድ ቀን ስታዲየም ጋ ታክሲ ውስጥ ስኳሩ ወረደና ያ ጨዋ ሰው ረዳቱን ባልሰማሁት ስድብ አጠበው። ሰው ሁሉ ሰክሯል ብሎ ሲስቅ እማዬ አፉን ፈልቅቃ ከረሜላ ከተተችበት። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ አባቴ ተመለሰ፤ ረዳቱንም ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ «አላውቅም ነበር» የሚል ምክንያት የለኝም።

እሺ። በዚያው ዓመት ጂን የሚባሉ ስድሳ ያለፋቸው ስኮትላንዳዊት ፔንሲዮናችን ለሁለት ሳምንት አረፉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በየክረምቱ በአገራቸው ገጠር ውስጥ የክርስቲያን ልጆች ካምፕ ያዘጋጃሉ፤ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ልጅ ይመጣል፤ ከተለያየ አገርም በጎ ፈቃደኞች ይጋብዛሉ። ማታ ማታ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመው ሲያወሩኝ፣ እኔም ስለ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቼ ሳወራቸው፣ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው «ለምን አንቺ አትመጪም?» አሉኝ። እንግዳ ሲሸኝ የሚባል ነገር መስሎኝ «ደስ ይለኛል» አልኩ። በሦስተኛው ወር የግብዣ ደብዳቤ መጣ። በአምስተኛው ወር ፓስፖርቴ ላይ ቪዛ ተለጠፈ። የዚያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ታክሲ መያዝ ረስቼ በእግሬ ቤት ደረስኩ፤ ዣንጥላዬንም የት እንደጣልኩት እስከዛሬ አላውቅም።

ችግሩ እማዬ ነበረች። ቂርቆስ አካባቢ ቁርስ ቤት አላት፤ ፉልና እንቁላል እያቀረበች ነው ያሳደገችኝ። «ጴንጤ አድርገው ሊልኩልኝ ነው» አለች። የሰፈሩ ሴቶችም አብረዋት አለቀሱ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይሉ ተጠሩ። እሳቸው ደብዳቤውን አስነብበው ሰሙና «ሕፃን መጠበቅ በየትም አገር ሥራ ነው፤ ትሂድ» አሉ። ካምፑ ግን የሚውለው በነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ አለ። እማዬ ይህን ያዘች። ጾሜን አንድም ቀን ሳላጎድል፣ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምጾም አስማለችኝ። የእጄን ሰዓት ይዛም እንዲህ አለችኝ፦

«ይችን እንዳትነኪያት። የፈረንጁን ሰዓት ከግድግዳ እዪ። ይቺ የቂርቆስን ሰዓት ትቁጠር። ቅዳሴ ሲወጣ ከእኛ ጋር ነው የምትበዪው።»

ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎና በትንሽ ጠርሙስ ማር ከትታ ሸኘችኝ። ሰዓቴን እንዳልነካ ምዬ ሄድኩ።

ስለ ካምፑ ምን ልበላችሁ! የአዲስ አበባን ጭቃ ጥዬ ወደ ፀሐይ የምሄድ መስሎኝ ነበር፤ ዝናቡ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ግን ማን ግድ አለው? ኮረብታው አረንጓዴ፣ በጎቹ ጥቁር ፊት፣ ባሕሩ ከድንኳኖቹ በእግር ዐሥር ደቂቃ። አርባ የሚሆኑ ልጆች ነበሩ፤ ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ዓመት። ጠዋት መዝሙር፣ ቀን ጨዋታና የእግር ጉዞ፣ ማታ ደግሞ እሳት ዙሪያ ተረት። በሁለተኛው ቀን የአርባውንም ስም አወቅሁ፤ እነሱም እኔን «ሴቢ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን እሰይ፣ እልል ማለት አስተማርኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ድንች ሲቀቀል እልል፣ ኳስ ሲገባ እልል፣ ዝናብ ሲያቆምም እልል ሆነ። ሚስስ ጂን «ዘንድሮ ጎረቤት የሚከሰኝ በአንቺ እልልታ ነው» ብለው ሳቁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሥራዬ ማእድ ቤት ነበር፤ ድንች መላጥ፣ ሳህን ማጠብ፣ ምግብ ማደል። ማእድ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ለውዝ የማይስማማቸው፣ ወተት የማይጠጡ ልጆች ስም አለበት። ከታች ደግሞ «ኬቲ፦ ስኳር አለባት፤ ሁሌም በሰዓቱ ትብላ» ይላል። ነርሷ ጠዋት መርፌዋን ትወጋታለች፤ መብላቷን ማየት ግን የእኛ የማእድ ቤቶቹ ሥራ ነው። የኬቲ ጠረጴዛ የደረሰው ለእኔ ነበር።

ኬቲ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀይ ፀጉር፣ ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ፣ አንደበቷ ቁጥብ። በሽታው የታወቀባት ከዓመት በፊት ነው። የሚያናድዳት መርፌው አልነበረም፤ ስትበላ ሰው ሁሉ እያንዳንዱን ጉርሻ የሚቆጥርባት መሆኑ ነበር። ከልጆቹ ጋር አትጫወትም። ልጆቹ ምሳ በልተው ሲወጡ እኔ ምግብ እንዳልነካሁ ያየችው እሷ ብቻ ናት።

«አንቺም ታመሻል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ አልታመምኩም፤ እየጾምኩ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ እንደ ጥላዬ ተከተለችኝ። ሰዓቴን አሳየኋት። እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን እንደምንቆጥር፣ የእኛ ዘጠኝ ሰዓት በእነሱ ከቀኑ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚውል፣ ትንሿ ዘንግ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ቂርቆስ ቅዳሴ እንደሚወጣና እኔም እንደምበላ ነገርኳት። በየቀኑ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል እጄን ትይዝና ዘንጓን ትጠብቃለች። ዘጠኝ ስትሞላ «ቅዳሴ ወጣ?» ትለኛለች፤ እኔ «ወጣ» እላለሁ፤ እሷ እልል ትላለች፤ ከዚያ በሶዬን አወጣለሁ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ መሳቅ ጀመረች። ሚስስ ጂን ራሳቸው «ምን አደረግሻት?» ብለው ተደነቁ። እኔም በኩራት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ።

ኮረብታ ልንወጣ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ማታ እራት ከበላን በኋላ ኬቲ ማእድ ቤት መጥታ ስለ እኛ ልጆች ጠየቀችኝ። በቃ፣ ምላሴ ተፈታ። የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናት ፍልሰታን እንደሚጾሙ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጠግተው ቅዳሴ እስኪወጣ እንደሚጠብቁ፣ ማንም እንደማያስገድዳቸው አወራሁላት። እንደለመድኩትም ቅቤ ቀባሁት። «ያልጾመ ልጅ ያፍራል» አልኳት።

አሰበችና «የታመመስ?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የታመመ አይጾምም። አባቴ በስኳሩ ምክንያት አንድም ጾም ጾሞ አያውቅም፤ መምሬ ኃይሉ ራሳቸው ናቸው የከለከሉት። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያኔ ከወዲያ «ሰብለ! ሳህኑ!» ተብዬ ተጠራሁ። «ቆይ መጣሁ» ብያት ሄድኩ። ስመለስ ኬቲ የለችም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ፤ ከዚያ ጭራሽ ረሳሁት።

በማግስቱ የኮረብታ ጉዞ ነበር። ጠዋት ቁርስ ላይ አልነበርኩም፤ የሚጠበሰው የአሳማ ሥጋ ሽታ ስለሚከብደኝ አብራኝ ማእድ ቤት የምትሠራዋን ልጅ ጠረጴዛዬን አደራ ብዬ ከጓሮ የጉዞ ስንቅ እቋጥር ነበር። ኬቲ መርፌዋን ተወጋች። ገንፎዋን ግን አጠገቧ ባለው ልጅ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ይህን ያወቅነው ከሆነ በኋላ ነው።

በሁለት ሰልፍ ሆነን ወጣን። ዴቪድ የሚባል ጎልማሳ ከፊት ይመራል፤ እኔ መሃል ነኝ። መንገድ ላይ ጣሪያው የወደቀ አሮጌ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለፍን። ኬቲ ቆማ አየችው፤ ደከም ያለች መስላኝ «ደህና ነሽ?» ብላት ራሷን ነቅንቃ አዎ አለችኝ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልጆቹ እየዘፈኑ፣ እኔ እያጨበጨብኩ። ወደ ላይ ስንወጣ ጭጋግ ከባሕሩ ተነስቶ ሸፈነን።

በእነሱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማለቴ እኩለ ቀን ላይ፣ ለምሳ አረፍን። ዴቪድ ልጆቹን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። አንድ ጎደለ። እኛ ትልልቆቹ ተሸክመን ያወጣነው የኬቲ የምሳ ቦርሳ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጧል፣ አልተከፈተም። እሷ ግን የለችም።

ልጆቹን መጠየቅ ጀመርን። አንዷ ትንሽዬ እያየችኝ ከንፈሯን ነከሰች። ጎንበስ ብዬ እጇን ያዝኩና ምንም እንደማልቆጣት ነገርኳት።

«ምስጢር ነው» አለችኝ። «ከአንቺ ጋር እየጾመች ነው። እስከ ዘጠኝ።»

ቦርሳዬን ከመሬት አነሳሁ። መርፌውን ተወግታ፣ ባዶ ሆዷን፣ ኮረብታ ወጥታ። አባቴ በዐይኔ ላይ ድቅን አለ። ዴቪድ አንዱን ሰው ወደ ካምፕ ነርሷን እንዲጠራ ላከ፤ ሌሎቹን ወደ ላይ ላካቸው፣ ጥሎን ወደፊት የሄደች መስሎታልና። እኔ ግን የማታው ወሬዬ ትዝ አለኝ፤ ሕፃናቱ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተጠግተው ቅዳሴ እስኪወጣ ይጠብቃሉ ብያታለሁ። «ታች ናት!» ብዬ ቁልቁል ሮጥኩ። ዴቪድ ከኋላዬ ይጠራኛል፤ አልቆምኩም።

እንዴት እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ። የካዛንቺስ ልጅ በጭጋግ ውስጥ እርጥብ ሣር ላይ መሮጥ ከየት ታውቃለች? ሁለቴ ወደቅሁ። ቦት ጫማዬ አንዱ ረግረግ ውስጥ ቀርቶ በካልሲ ሮጥኩ። በጎች በጭጋጉ ውስጥ ብቅ ሲሉ እሷ እየመሰሉኝ «ኬቲ!» እላለሁ። መንገዱ የጠፋኝ መስሎኝ ቆሜ ማልቀስ ስጀምር የድንጋዩ ግድግዳ ድንገት ፊቴ ቆመ።

እዚያው ነበረች። ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች፤ ሹራቧን እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ አጣፍታዋለች። በዚያ ብርድ ላብ ያጠምቃታል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ስጠራት አየችኝ፣ ግን ያየችኝ አትመስልም። በማላውቀው ሰው ስም ጠራችኝ። ለጉዞው የተሰጠኝን ፊሽካ አወጣሁና ሳንባዬ እስኪወጣ ነፋሁ፤ ቦርሳዬንም ዘረገፍኩ። ማሩና የጨበጥኩት የበሶ ጭብጦ ነበሩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልበላው የያዝኩት።

ማሩን በጣቴ አድርጌ ወደ አፏ ሳስጠጋ ጥርሷን ነከሰች። እጄን በሙሉ ኃይሏ መታችኝ።

«ዘጠኝ አልሆነም» አለች። ምላሷ ይተሳሰራል። «አንቺም አልበላሽም። አላፍርም እኔ።»

ለመንኳት። ተቆጣኋት። «የታመመ አይጾምም!» ብዬ ጮህኩባት። ያ ዓረፍተ ነገር ማታውኑ፣ ስትጠይቀኝ ነበር የሚነገረው፤ አሁን ጆሮዋ ውስጥ አይገባም። በኃይል ልከታት ብል ትወራጫለች፤ ጠርሙሱም ድንጋይ ላይ ሊሰበር ምንም አልቀረው። ከዚያ እጄን ያዘችና ሰዓቴን ፈለገች። በየቀኑ እንደምታደርገው።

ሰዓቴን አየሁት። ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ይላል።

ሃያ ደቂቃ ለጤነኛ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ለእሷ ግን ረጅም ነበር፤ ዐይኗ መገለባበጥ ጀምሯል። ወደ ጎን ዞርኩና እርጥበቱን የምጠርግ መስዬ የሰዓቴን ማዞሪያ ሳብኩ። ጣቴ ደንዝዟል፤ ማዞሪያዋ እንደ ምስር ፍሬ ትንሽ ናት፤ ሁለቴ አመለጠችኝ። «እመቤቴ፣ የአንቺን ጾም ይዤ ነው፤ እኔን ቅጪኝ፣ የዚችን ልጅ ክፉ ግን አታሳዪኝ» አልኩ። እማዬ እንዳትነኪያት ያለችኝን ሰዓት አዞርኳት። ትልቋ ዘንግ ዐሥራ ሁለት ላይ፣ ትንሿ ዘጠኝ ላይ ደረሱ። እጄን ወደ ፊቷ አመጣሁ።

«እዪ። ዘጠኝ ሞላ። ቅዳሴ ወጣ።»

አፍጥጣ አየችው። «አንቺ ቅደሚ» አለችኝ።

አማተብኩ። ከበሶው ቆርሼ ጎረስኩ፤ እያየችኝ አኘክሁ፣ ዋጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አስቸግሮኝ የወረደ ጉርሻ የለም። ከዚያ ማሩን በጣቴ አድርጌ ወደ አፏ ወሰድኩ። ተከፈተ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጠርሙሱ ግማሽ እስኪሆን አጎረስኳት። ደረቴ ላይ አስደግፌ ሹራቤንም ደረብኩላትና መጠበቅ ጀመርኩ።

መጠበቁ ነው የገደለኝ። እማዬ ታክሲ ውስጥ አባቴን እንደያዘችው ይዣታለሁ፤ ልቧ በእጄ ሥር ይሮጣል። አሁን ስም ትጠራለች፣ አሁን ዝም ትላለች። ዝም ስትል «ኬቲ፣ እልል በዪ» እላታለሁ፤ መልስ የለም። ደግሜ ማር አቀመስኳት፤ ደግሜ ፊሽካ ነፋሁ። ከዚያ መንቀጥቀጧ ቀነሰ። ላቧ ቆመ። እኔም ቀስ አድርጌ ከበሶው ቆረስኩና አጎረስኳት። አኘከችው። ረጅም ጊዜ አኘከችው። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየችና፦

«ሴቢ፣ ይሄ ነገር አፈር አፈር ይላል» አለችኝ።

ወይ ደስታ! እናንተዬ፣ ማንም ሰው የእማዬን በሶ ሰድቦ ሰላም አይሄድም፤ እኔ ግን ግንባሯን እየሳምኩ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ጣሪያ በሌለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እልልታዬን አቀለጥኩት። ዴቪድ ያገኘን በእልልታው ነው። ፊሽካው በጭጋጉ ውስጥ ከየት እንደመጣ አልለይ ብሎት ነበር አለ። ነርሷም በመኪና ደረሰች፤ የኬቲን ጣት ወግታ ደሟን ለካች፣ ትንፋሿንም ለቀቀች። በሰዓቱ ደርሰሻል አለችኝ። ሰዓት ስትል አላስችል ብሎኝ እንደገና አለቀስኩ።

ወደ ካምፕ ስንመለስ ሁሉም አቀፉኝ። ልጆቹ ጀግና አደረጉኝ። ሻይ ቀረበልኝ፣ ብርድ ልብስ ተደረበልኝ። ስለ ጾሙ ጉዳይ የምታውቀው ያቺ ትንሽዬ ብቻ ናት፤ እሷም ዝም ብላለች። በቢሮው በር ሳልፍ ነርሷ እያለቀሰች ሰማሁ፤ መርፌ ከሰጠች በኋላ የኬቲን ቁርስ አላረጋገጠችም ተብላ ትጠየቅ ነበር። ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው።

እግሬ ወደ ድንኳኔ ሊሄድ ፈለገ። ብናገር በነጋታው ወደ አገሬ ሊመልሱኝ ይችላሉ፤ ሰፈሩ ምን ይላል፣ እማዬ ምን ትላለች። ባልናገር ደግሞ ያቺ ነርስ ሥራዋን ታጣለች። በሩን አንኳኳሁ።

«እሷ አይደለችም» አልኳቸው ሚስስ ጂንን። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ወሬዬን፣ ቅቤዬን፣ ያልጾመ ያፍራል ማለቴን፣ ቁርስ ላይ አለመገኘቴን። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የታመመስ ብላ ጠይቃሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ምን አልሻት?»

«ሳህን አጠብኩ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ነርሷን «ሄደሽ ፊትሽን ታጠቢ» አሏት። ስልኩን አንስተው የኬቲ እናት ጋ ደወሉና፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እያለ፣ የሆነውን ሳያሳምሩ ተናገሩ። ከዚያ ስልኩን ሰጡኝ። የኬቲ እናት ጮኸችብኝ። ልክ ናት፤ እኔም እሺ፣ አዎ፣ ይቅርታ ከማለት በቀር ቃል አልተነፈስኩም። በነጋታው መኪና ነድታ መጣች። ልጇን ልትወስዳት ነበር የመጣችው። ኬቲ አልሄድም አለች፤ እናቷን እጇን ይዛ እኔ ጋ አመጣቻትና ሰዓቱን አሳዪያት አለችኝ። ኬቲ እዚያው ሁሉ ሰው ፊት፣ ሳትደበቅ፣ ሳንድዊቿን ስትበላ እናቷ አየች። እኔን ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ፤ ኬቲም ቀረች።

አልመለሱኝም። ሚስስ ጂን ግን ቅጣቴን አልተዉልኝም፤ እስከ ካምፑ መጨረሻ ጠዋት ጠዋት ከነርሷ ጋር እንድቆም፣ የልጆቹን መድኃኒትና ምግብ አብሬያት እንዳረጋግጥ አዘዙኝ። ቅጣት ነው የተባለው። ነርሷ ደም መለካት አስተማረችኝ፣ የስኳርን ነገር አንድ በአንድ አስረዳችኝ። አባቴን ዐሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ያልገባኝ ነገር ሁሉ በዚያ ሳምንት ገባኝ። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር፣ ከጸጸት ብቻ አይደለም፣ ከጉጉትም ጭምር። ምን መሆን እንደምፈልግ በሃያ ሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ።

ቦሌ ስደርስ እማዬ ገና ሳትስመኝ «ጾምሽን ጨረስሽ?» አለችኝ። «ሃያ ደቂቃ ጎድሎብኛል» አልኳት። አልገባትም። መምሬ ኃይሉ ጋ ሄድኩና እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ተናዘዝኩ። መሐላዬን ማፍረሴን፣ ጾም መግደፌን፣ በእመቤታችን ጾም ሕፃን ልጅ መዋሸቴን። ጨርሼ ቅጣቴን ስጠብቅ እሳቸው «ልጅቷ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ድናለች፣ አባቴ።»

«ተመስገን» አሉ። ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «እንግዲህ የሃያ ደቂቃውን እኔ እጾምልሻለሁ። አንቺ ሳትመልሺላት የሄድሽውን ጥያቄ ዕድሜሽን ሙሉ ስትመልሺ ኑሪ።»

በመስከረም ነርሲንግ ተመዘገብኩ። ቀን ፔንሲዮን፣ ማታ ትምህርት፤ እንዴት እንደጨረስኩት እግዜር ያውቃል። ዛሬ ስኳር ያለባቸውን ልጆች ነው የማክመው። ጾም በመጣ ቁጥር ከካዛንቺስ፣ ከመስቀል ፍላወር፣ ከየሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን እየያዙ ይመጣሉ። ልጁ ገና ወንበር ላይ ሳይቀመጥ፣ ስሙን ሳልጠይቀው፣ የመጀመሪያው ቃሌ «የታመመ አይጾምም» ነው። ሙስሊሞቹም በረመዳን ሲመጡ ያንኑ እላቸዋለሁ፤ እነሱም «ሲስተር፣ እኛም ጋ እንደዚያው ነው» ይሉኛል። አንባቢዎቼ፣ እናንተም ልጅ ስለምታምኑት ነገር ከጠየቃችሁ አውሩለት፣ በደስታ አውሩለት፤ ግን ሳህኑ ይቆይ። መልሱን ጨርሱለት።

ኬቲ አሁን ትልቅ ሰው ናት፤ አስተማሪ ሆናለች። ሚስስ ጂን አርፈዋል፤ ካምፑን ኬቲና ጓደኞቿ ናቸው የሚመሩት። በየዓመቱ ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ቀን በእሷ ሰዓት ለአንድ ሃያ ጉዳይ ሲሆን ስልኬ ላይ መልእክት ይገባል። ሁሌም ያው ነው፣ በአማርኛ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ፦ «ቅዳሴ ወጣ?»

ቂርቆስ ገና እየተቀደሰ ነው፤ እኔም ገና አልበላሁም። የእጄን ሰዓት አያለሁ። ዘጠኝ ይላል። «ወጥቷል፤ ብዪ» ብዬ እጽፍላታለሁ።